ሲሊኮን እንዳታስቀቢበት

ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በመንገዷ የሚመላለሰው መኪና በዝቷል፣ ዓይነቱም ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ፣ ጣሪያቸው ከፊት እስከ ኋላ መስታወት የሆነ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ከአዲስ አበባ አልፈው ወደ ክልል ከተሞች መዝለቅ ጀምረዋል። መስታወቱ ሲመጣ አያያዙን የሚያስተምር ሰው አብሮ አልመጣም። ይህ ስለሚያሳስበኝ ጉዳዩን በሁለት ሰዎች አፍ አድርጌ አቅርቤዋለሁ። አንደኛው ሆሳዕና ውስጥ በባትላሜራና በመኪና መስታወት ሥራ የሸመገሉ ባለሙያ ናቸው። ሌላዋ ያገለገለች ባለ ሰንሩፍ፣ ማለትም የመስታወት ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ይዛ ከዱራሜ የመጣች መምህርት ናት።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ የመኪናዬ ጣሪያ ሰላም ነሣኝ። ኮብልስቶን ላይ ቋ ቋ ይላል፤ አስፋልት ላይ ፍጥነት ስጨምር ያፏጫል። ያሳየሁት ሰው «ዙሪያውን ሲሊኮን አስቀቢው፣ ዝም ይላል» አለኝ። ሲሊኮኑን ገዝቼዋለሁ፤ እርስዎ ቢቀቡት ይሻላል ብዬ ነው ይዤው የመጣሁት።

ባለሙያው፦ እንኳን ሳታስቀቢው መጣሽ። እሱን ለመታጠቢያ ቤትሽ አስቀምጪው፤ እዚህ መኪና ላይ ግን አላስነካውም።

መምህርቷ፦ ምነው? ውሃ ይከለክላል፣ ድምፅ ያጠፋል፣ ዋጋውም አይጎዳም።

ባለሙያው፦ ድምፁን ማጥፋቱን ነው የምፈራው። ቋ የሚለው የላላ ነገር ስላለ ነው። ሲሊኮን የላላ ብሎን አያጠብቅም፣ ያለቀ ፕላስቲክ አይተካም፣ የለቀቀ ማጣበቂያም አይመልስም። መስታወቱን ለጥቂት ጊዜ አፍኖ ይይዘዋል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። አንቺ ዳነ ብለሽ ትነጃለሽ፤ ከሥር ያለው መላላት ግን በየቀኑ ይብሳል። ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ አለ። የመኪና መስታወት በትክክል የሚጣበቀው በፖሊዩሪቴን ነው። ሲሊኮን የነካው ላሜራና መስታወት ላይ ፖሊዩሪቴን አይዝም። ጠርጌዋለሁ፣ ፍቄዋለሁ ብትዪ እንኳ ዓይን የማያየው ቅባት ይቀራል። አዲሱ ማጣበቂያ ለዛሬ የያዘ መስሎ ይቆይና አንድ ቀን ከሥሩ ተገፍፎ ይነሣል። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲሊኮን ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፤ ቀለሙ የተጫረ ላሜራ ካገኘ ያዝገዋል። ዛሬ ውሃ ያቆመልሽ ነገር ነገ መስታወቱን የሚያስነሣብሽ እሱ ነው።

መምህርቷ፦ እሺ፣ ሲሊኮኑ ይቅር። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። መኪና ወደፊት ሲሄድ ነፋሱ ከፊት ነው የሚመታው። መስታወቱን ቁልቁል መጫን ሲገባው ሽቅብ የሚያነሣው እንዴት አድርጎ ነው?

ባለሙያው፦ በበልግ ማብቂያ ወጨፎ ሲመጣ የቤት ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሲሄድ አይተሻል። ነፋሱ ቆርቆሮውን ከላይ አልተጫነውም፣ ሽቅብ ነው የወሰደው። አየር በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። ከጣሪያው በታች ያለው አየር ግን ግፊቱ እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። መኪና ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ነፋሱን የምትፈጥሪው ግን አንቺው በፍጥነትሽ ነሽ። ልብ በይ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። 50 ላይ የማይሰማሽ ነገር 100 ላይ ሌላ ነው። የአንቺን በምታህል ትንሽ ሰንሩፍ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነጂ ወደ ላይ የሚስበው ኃይል አሥር ኪሎ ዕቃ ሊያነሣ ይችላል። ጤነኛ ሰንሩፍ ይህን ሳይቸገር ይችለዋል። የላላው ግን በተሳበ ቁጥር ትንሽ ብድግ ይላል፣ ሲለቀው ይመለሳል፣ እንደገና ብድግ ይላል። የጎን መስኮት ከፍተሽ የምትነጂ ከሆነ የገባው ነፋስ ከውስጥ የሚገፋውን ኃይል ይጨምረዋል። በዚያ ላይ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ስትመጪ ሲኖትራክ በተቃራኒ አቅጣጫ ሽው ብሎ ሲያልፍሽ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይለዋወጣል። የላላ መስታወት ይዞ ለሚጓዝ ሰው የምፈራለት ያችን ቅጽበት ነው። መስታወቱ ከተነሣ የሚያርፈው ከኋላሽ ባለው መኪና ወይም በሞተር ሳይክለኛ ላይ ነው።

መምህርቷ፦ ለመሆኑ ምን ይዞት ነው የሚቆመው? እኔ የማውቀው ቁልፉን ስጫን መከፈቱንና መዘጋቱን ብቻ ነው።

ባለሙያው፦ ነይ ከውስጥ ላሳይሽ። መስታወቱ በቀጥታ ከጣሪያው ጋር አልታሰረም። ዙሪያውን ከአንድ ፍሬም ጋር በማጣበቂያ ተጣብቋል። ፍሬሙ በግራና በቀኝ በትንንሽ ብሎኖች ከሁለት ክንዶች ጋር ታስሯል። ክንዶቹ ደግሞ በአሉሚኒየም ሐዲድ ውስጥ በፕላስቲክ ጫማ ይንሸራተታሉ፤ የሚገፋቸውና የሚስባቸው ሞተሩ ነው፣ በሁለት የብረት ገመዶች አማካይነት። እንግዲህ ወይ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ወይ ብሎኑ ይላላል፣ ወይ ጫማው ያልቃል። አሁን አራቱንም ማዕዘን በመዳፌ ልጫን። ይኸው! የፊቱ ግራ ማዕዘን ተነቃነቀ፣ ሰማሽው? መስታወቱም ፍሬሙም አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ይህ ብሎን ወይም ጫማ ነው። ማጣበቂያው ቢሆን ፍሬሙ ቆሞ መስታወቱ ብቻውን ነበር የሚነቃነቀው።

መምህርቷ፦ ይህንንማ እኔም ቤቴ ሆኜ ልሠራው እችል ነበር።

ባለሙያው፦ ትችያለሽ፣ ማንም ይችላል። ሌላም ልጨምርልሽ። ሰንሩፉን ዝጊና በጣትሽ ጫፍ ከላሜራው ወደ መስታወቱ ዳስሺ። የፊተኛው ጠርዝ ከላሜራው ጋር እኩል ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ መሆን አለበት። የኋለኛው እኩል ወይም በጥቂቱ ከፍ ያለ። የፊቱ ከፍ ብሎ ካገኘሽው ነፋስ ከሥሩ እየገባ ነው። ፉጨትሽ ከዚያ ነው የሚመጣው።

መምህርቷ፦ መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ጣሪያውን የነካው መካኒክ የለም። ብሎኑን ማን አላላው?

ባለሙያው፦ መንገዱ። ጣሪያ ተቆርጦ ቀዳዳ ሲወጣለት ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ፋብሪካው ዙሪያውን ማጠንከሪያ ቢያደርግበትም መጠማዘዙ ጨርሶ አይጠፋም። አንዱ ጎማሽ ጉድጓድ ገብቶ ሌላው ከላይ ሲቀር የመኪናው አካል ይጠማዘዛል፣ የጣሪያው ቀዳዳም ለአፍታ ቅርጹን ያጣል። መስታወቱ ግን አይጠማዘዝም። ያን ልዩነት የሚሸከሙት ብሎኖቹ፣ ፕላስቲኩና ማጣበቂያው ናቸው። ከአስፋልቱ ወጥተሽ ወደ ገጠር ቀበሌ ስትገቢ ኮሮኮንቹ ይህን በየደቂቃው ይደጋግመዋል። አቧራው ደግሞ ሐዲዱ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ሐዲዱ ሲጥ ሲጥ ሲልበት የጎማ ማዞሪያ ላይ የሚቀባውን ግራሶ ይለቀልቅበታል። ግራሶና አቧራ ሲቀላቀሉ ፕላስቲኩን የሚሞርድ ጭቃ ይሆናሉ፤ ዘይቱም የዙሪያውን ጎማ ያሳብጠዋል። ትክክለኛው መንገድ ሐዲዱን በደረቅ ብሩሽና በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ ለፕላስቲክና ለጎማ ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ቅባት ወይም ቴፍሎን በስሱ ማስነካት ነው። ቅባቱን ነው ያልኩሽ፤ በእጅሽ የያዝሽው ማጣበቂያው ሲሊኮን ሌላ ዕቃ ነው።

መምህርቷ፦ ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ስታገባ መኪናዋን ለሙሽሮቹ ሰጥቼ ነበር። ቪዲዮ የሚያነሣው ልጅ በሰንሩፉ ወጥቶ ነበር የሚቀርጸው። ያ ይጎዳል እንዴ?

ባለሙያው፦ ወንበር ላይ ቆሞ ነበር ወይስ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ?

መምህርቷ፦ መጀመሪያ ቆሞ ነበር። በኋላ የኋላውን አጀብ ለመቅረጽ ዞሮ ተቀመጠ። ሙሽራውም ወጥቶ በክንዱ ተደግፎ እጁን ሲያውለበልብ ነበር።

ባለሙያው፦ በእኔ እጅ ከሚገቡት የተጣመሙ ክንዶች ብዙዎቹ ታሪካቸው ይህ ነው። መንገድን እንወቅሳለን፤ ትልቁን ጉዳት የምናደርሰው ግን እኛው በደስታችን ቀን ነው። ያ ክንድ የተሠራው ጥቂት ኪሎ የሚመዝን መስታወት ሊሸከም ነው። ሰባ ኪሎ ሰው ሲቀመጥበት ወይም ተከፍቶ ወደ ኋላ የተጋደመውን መስታወት በክርኑ ሲደገፈው ክንዱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይጣመማል። ያን ቀን ምንም አይታይም። ከዚያ ወዲህ ግን መስታወቱ ሲዘጋ ቦታውን አያገኝም፤ አንዱ ማዕዘን ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ሞተሩ ያላግባብ ይገፋል፣ ገመዱ ይሳባል፣ ጫማው ይሰነጠቃል። የሰርግ ብቻ አይደለም። ሀዲያ ሆሳዕና በኳስ ሲያሸንፍ፣ ለያሆዴ በዓል፣ እናንተ ጋ ለመሳላ፣ የሚጨፍረው ሁሉ በሰንሩፍ ነው የሚወጣው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሰርግ በሕይወት አንዴ ነው። ሙሽራው ወጥቶ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የሰፈሩን ሕፃናት ሰላም ሲል ያለው ደስታ ከአንድ ፕላስቲክ ጫማ ይበልጣል። መኪና ለሰው ተሠራ እንጂ ሰው ለመኪና አልተሠራም።

ባለሙያው፦ ያልሽው እውነት ነው። እኔም ልጆቼን ድሬአለሁ፤ ደስታውን አውቀዋለሁ። ግን ነገሩ ከጫማው ያልፋል። ሹፌሩ አንድ ሕፃን ገብቶበት ፍሬን ሲረግጥ ከወገቡ በላይ ውጭ ያለው ሙሽራ ምን ይይዘዋል? እኔ ይቅር ማለቱን እመርጣለሁ። ካልቀረ ግን መኪናው በቆመበት ይሁን፤ ሙሽሮቹ ከመሳፈራቸው በፊት ወይም ደጅ ሲደርሱ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ይቁም፣ መስታወቱንም ጠርዙንም አይደገፍ።

መምህርቷ፦ በቆመበት የሚለውን እቀበላለሁ። ጭነትስ? እኛ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ዘመድ ስናመጣም ስንመልስም ጣሪያው ባዶ አይሆንም።

ባለሙያው፦ ፖርቶ መጋላ አሥራችሁ ስንት ትጭናላችሁ?

መምህርቷ፦ ስንመልስ አንድ ኩንታል ስንዴ፣ ቆጮ፣ ድንች... እንጃ፣ የዘመድ ነገር ነው፤ የተሰጠ አይመለስም።

ባለሙያው፦ ኩንታሉ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። የብዙዎቹ የቤት መኪኖች ጣሪያ በጉዞ ላይ እንዲሸከም የሚፈቀድለት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው፤ የፖርቶ መጋላው ክብደትም በዚሁ ውስጥ ይታሰባል። ቁጥሩ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ስንዴውን ወደ ውስጥ አስገቢው፣ ላይ ቀለል ያለውን አድርጊ። ገመዱን ደግሞ በመስታወቱ ላይ አሳልፈሽ አትወጥሪ።

መምህርቷ፦ ሁሉም ጥፋት የእኛ ሆነ። የፋብሪካ ስህተት የሚባል የለም?

ባለሙያው፦ አለ እንጂ። መርሴዲስ ቤንዝን የሚያህል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ወደ 745 ሺህ የሚጠጉ መኪኖቹን ለጥገና እንደሚጠራ ተሰምቷል። ከ2001 እስከ 2011 ሞዴል ያሉ ነበሩ። ምክንያቱም መስታወቱን ከሰንሩፉ ፍሬም ጋር የያዘው ማጣበቂያ በዕድሜ ብዛት ሊለቅ መቻሉ ነው። በዚያው ዓመት ቴስላ 9,136 ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ጠርቷል። እዚያ የሚነሣው የጣሪያው ማሳመሪያ ነበር፤ ሲጣበቅ ፕራይመር ሳይቀባ ስለቀረ ነው። ፕራይመር ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባው ስስ ፈሳሽ ነው፤ አንድ ሠራተኛ በደቂቃ ይቀባዋል። እነሱ በዚያ ሁሉ መሣሪያና ቁጥጥር የዘለሉትን ነገር በእኛ ጋራዥ ውስጥ በችኮላ ሲዘለል ሳይ ያመኛል።

መምህርቷ፦ ማጣበቂያው ፋብሪካው በደንብ ከሠራውስ? ለዘላለም ይኖራል?

ባለሙያው፦ ፀሐይና እርጥበት ካላገኙት ረጅም ዕድሜ አለው። በመስታወቱ ዳርቻ ያለውን ጥቁር ቀለም አየሽ? ለውበት የተደረገ ይመስላል፤ ዋናው ሥራው ግን ማጣበቂያውን ከፀሐይ መጋረድ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ላይ የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል። ቀን ጣሪያው ይግላል፣ ሌሊት ደጋው ይበርዳል። ብረትና መስታወት በሙቀት እኩል አይለጠጡም፤ የሁለቱን ልዩነት በየቀኑ የሚችለው ማጣበቂያው ነው። ጥቁሩ ቀለም ከተፋቀ ወይም ሰው በምላጭ ካጸዳው ፀሐዩ በቀጥታ ይደርስበታል። እርጥበቱ ግን ከፀሐዩ የባሰ ነው፤ እሱም የሚመጣው ቱቦው ሲደፈን ነው።

መምህርቷ፦ የምን ቱቦ?

ባለሙያው፦ ሰንሩፍ ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው ሲገባ የማያውቀው ይህን ነው። ሰንሩፍ ውሃ ጨርሶ እንዳያስገባ ተደርጎ አልተሠራም። የዙሪያው ጎማ አብዛኛውን ይመልሳል፤ ያመለጠውን ከሥሩ ያለው ቦይ ይቀበለዋል። በቦዩ ማዕዘኖች ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ በመኪናው ምሰሶዎች ውስጥ ወርደው ውሃውን ወደ መሬት ያፈሱታል። ጽድ ወይም ግራቪሊያ ሥር የሚያቆም ሰው ያ ደቃቅ ቅጠል ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ቱቦውን ይደፍንበታል። ከዚያ ክረምት ሲገባ ውሃው ቦዩ ላይ ይተኛል። የብሎኖቹን ራስ ያዝገዋል፣ በፍሬሙ ጠርዝ ገብቶ ማጣበቂያውን ከሥሩ ያስለቅቃል፣ ሲሞላ ደግሞ በጣሪያው ጨርቅ ላይ ይወርዳል። የጣሪያው ጨርቅ ምሰሶ አጠገብ ቢጫ ነጠብጣብ ካየሽ ወይም ምንጣፉ ከሻገተ ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው። ሰው ይህን ሲያይ ነው ሲሊኮን የሚያስቀባው። ሲሊኮኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቱቦውን አፍ ጭምር ይደፍነዋል።

መምህርቷ፦ የእኔ ቱቦ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ባለሙያው፦ ሰንሩፉን ከፍተሽ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀስ አድርገሽ በአንዱ ማዕዘን አፍሺ። ወዲያው ከመኪናው ሥር፣ በጎማዎቹ አካባቢ መንጠባጠብ አለበት። ከዘገየ ወይም ቦዩ ላይ ከቀረ ተደፍኗል። ለማጽዳት ለስላሳ፣ ወፈር ያለ ናይለን አስገብቶ ቀስ እያሉ መግፋት ነው። የብረት ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል። ጎሚስታ ጋ ሄደሽ የኮምፕሬሰር አየር በኃይል እንዳታስነፊበት፤ ቱቦው ከመገጣጠሚያው ከወለቀ ውሃው በቀጥታ እግርሽ ሥር ነው የሚፈሰው። በዓመት ሁለቴ ይበቃል፤ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት፣ እንደገና ዝናቡ አቁሞ አቧራው ከመነሣቱ በፊት በመስከረም።

መምህርቷ፦ ወንድሜ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ጣሪያው ሙሉ መስታወት ነው፣ አይከፈትም። እሱስ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው?

ባለሙያው፦ ከሐዲዱ፣ ከክንዱና ከቱቦው ነጻ ነው። ማጣበቂያው ግን ከአንቺም ይበልጥ ወሳኝ ይሆንበታል፤ ያን የሚያህል መስታወት የያዘው እሱ ብቻ ነውና። አደጋው የሚመጣው መስታወቱ ተሰብሮ ወይም ለሌላ ጥገና ተነሥቶ እንደገና ሲጣበቅ ነው። አጣባቂው አሮጌውን ማጣበቂያ እስከ ላሜራው ድረስ መፋቅ የለበትም፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ስስ አድርጎ ይተወዋል፣ አዲሱ በእሱ ላይ ይበልጥ ይይዛል። ቀለሙ የተጫረበት ቦታ ካለ ፕራይመር ይቀባል። የማጣበቂያው ቱቦ ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት፤ ይህን በግልጽ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ከዚያ መኪናው መቆም አለበት። ፖሊዩሪቴን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው፤ በበጋ አየሩ ደረቅና ሌሊቱ ብርድ ሲሆን ይዘገያል። በቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሳይጠብቅ «ውሰደው፣ ደርቋል» የሚል ሠራተኛ ካጋጠመው ወንድምሽ እንቢ ይበል።

መምህርቷ፦ መመሪያውን ሊያነብ ሞክሮ ነበር። ሁሉም በቻይንኛ ነው፤ ስክሪኑም እንዲሁ።

ባለሙያው፦ ይህ ያሳዝነኛል። መኪናውን አስመጥቶ ለሚሸጥ ነጋዴ ሃያ ገጽ መመሪያ አስተርጉሞ ማሳተም ከባድ ወጪ አይደለም። የሐዲድ ጫማና የዙሪያ ጎማም አብሮ ማስመጣት ይችላል። መለዋወጫ ሲጠፋ ነው መካኒክ ወደ ሲሊኮንና ወደ ሽቦ የሚሄደው። እኔ ዱራሜ ላይ ሲሊኮን አስቀቢ ያለሽን ሰው አልወቅሰውም፤ ያለው ዕቃ ያ ብቻ ነው።

መምህርቷ፦ ታዲያ ለእኔ ምን ያደርጉልኛል?

ባለሙያው፦ መስታወቱን አወርዳለሁ። ብሎኖቹን አውጥቼ ዝገት ካላቸው እቀይራለሁ፤ ካልዛጉ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጌ በልኩ አጠብቃቸዋለሁ። በልኩ ያልኩት ብሎኑ የሚገባበት አሉሚኒየም ስለሆነ ነው፤ ያለ ቅጥ ከተጠበቀ ጥርሱ ይበላል። ሐዲዱን አጸዳለሁ። ጫማውን አየዋለሁ፤ ከተሰነጠቀ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን። ከፍታውን አስተካክዬ፣ ቱቦውን ፈትሼ፣ ሞተሩን መነሻ ቦታውን አስታውሰዋለሁ። ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ ሞተሩ የት ላይ መቆም እንዳለበት ሊረሳ ይችላል፤ ያኔ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቆማል። በብዙዎቹ መኪኖች የመዝጊያውን ቁልፍ ይዞ በመቆየት ይስተካከላል።

መምህርቷ፦ ጫማው ጨርሶ ባይገኝስ? መኪናዋ አርጅታለች።

ባለሙያው፦ ያኔ መስታወቱን በተዘጋበት ቦታ አስሬ፣ ሞተሩን ነቅዬ፣ በትክክለኛው ማጣበቂያ ለዘለቄታው እዘጋዋለሁ። ብርሃኑን ታገኛለሽ፣ መክፈቱ ይቀራል። ይህ አሳፋሪ ሥራ አይደለም፤ ከላላ ሰንሩፍ ጋር ወደ ቡታጅራ ከመሄድ መቶ ጊዜ ይሻላል። ላሜራ በይዱበት የሚሉ አሉ፤ ያን አልመክርም፣ ብየዳው ጣሪያውን ያጣምማል፣ የሽቦና የጨርቅ ቃጠሎም ያመጣል።

መምህርቷ፦ መንገድ ላይ ሳለሁ ቢነሣብኝስ? ከከተማ ርቄ።

ባለሙያው፦ ፍሬን በኃይል አትርገጪ። ቀስ ብለሽ ፍጥነት ቀንሺ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ዝጊ፣ ከመንገድ ውጪ። ለመክፈትና ለመዝጋት አትሞክሪ፤ የወለቀ ክንድ ሞተሩ ሲገፋው መስታወቱን ይሰብረዋል። ሰፊ ፕላስተር ካለሽ ከላሜራው ወደ መስታወቱ አሻግረሽ በርከት አድርገሽ ለጥፊ፣ ከፊት ጠርዝ ጀምሪ። ከዚያ 40ን ሳታልፊ እስከሚቀርበው ከተማ። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጥግ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ቴምፐርድ ከሆነ ደቃቅ ሆኖ በአንድ ጊዜ ስለሚረግፍ የውስጡን መጋረጃ ዝጊ። ላሚኔትድ ከሆነ በመሐሉ ያለው ፕላስቲክ ይይዘዋል።

መምህርቷ፦ ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ሰርግ አለ። መኪናዋን ለምነውኛል፣ እንቢ ማለት አልቻልኩም።

ባለሙያው፦ ጫማው ደህና ከሆነ እስከ ዓርብ ትደርሳለች። ካልሆነ ዘግቼ አስሬ እሰጥሻለሁ፤ ዕቃው ሲመጣ ትመልሺያታለሽ። በሁለቱም በኩል ግን ሰርጉ ላይ ማንም እንዳይከፍተው የሰንሩፉን ፊውዝ ልንቀለው? ከሌላ ነገር ጋር የተጋራ አለመሆኑን አይቼ።

መምህርቷ፦ ይንቀሉት። ለሙሽራው እኔው ቀድሜ እነግረዋለሁ። ቁልፉ ይኸው፣ ቱቦውንም ዛሬውኑ ይዩልኝ፤ ትናንት ማታ ዱራሜ ዘንቧል።